ባሌን መጨረሻ የማስወጣት ሥራ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ሰውዬው ከቤት ከወጣ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። ልብሱን ሰብስቦ እህቱ ዘንድ ገብቷል። እናቱን ግን እኔ ዘንድ ትቷቸው ሄደ። «ትቷቸው» ማለቴም ልክ አይደለም፤ አብረን እንሂድ ብሏቸው ነበር። አማቴ ከሶፋው ንቅንቅ ሳይሉ፣ «እኔ የመጣሁት እዚህ ቤት ነው። የለቀቅከው አንተ ነህ፤ አንተው ሂድ» አሉት። ስለዚህ ባሌ የለም፣ የባሌ እናት ግን አሉ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ሳጸዳ ታብሌቱን ከሶፋው ትራስ ሥር አገኘሁት። ስከፍተው ያ ፋንታሲ የሚሉት ጨዋታ ብቅ አለ። የሦስት ሳምንቱ የብስክሌት ውድድር ዛሬ መጀመሩ ነው። እሱና ሰባት የሊፍት ጥገና ባልደረቦቹ በየዓመቱ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ ዘጠኝ ብስክሌተኛ ይመርጥና አንዱን አምበል ያደርጋል። የመረጣቸው ሰዎች በየቀኑ በገቡበት ደረጃ ነጥብ ያገኛል፤ የአምበሉ ነጥብ እጥፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ውድድሩ ሳይነሳ ሁለት ሰው መቀየር ይቻላል። ይህን ሁሉ የማውቀው ወድጄ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እራት ላይ ተነግሮኛል።

ከአፑ ሳይወጣ ነው የሄደው። ቡድኑ እንዳለ ፊቴ ተዘርግቷል።

ዘጋሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ከፈትኩት።

ከስምንቱ ሦስተኛ ነው። ቤቱን በትኖ፣ ሦስተኛ።

አምበሉን አነሳሁና በቦታው ትናንት ወድቆ እጁ በፋሻ የተጠቀለለውን ሰው አስገባሁ። ሐኪሙ ይቀጥል አይቀጥል ገና አልወሰነም ይላል። ከዚያ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ማታ። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፊተኞቹ አንዱ የሌላውን ጎማ ነካ። ሰማንያ ሰው እንደተደረደረ ጠርሙስ ተራ በተራ ተጋደመ። ባለ ፋሻው ለእጁ እየሳሳ ከሁሉም ኋላ ይመጣ ነበርና ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አገኘ። በወደቁት መሃል እንደ ገበያተኛ እየተሽሎከሎከ አለፈ። ብቻውን ገባ። አንደኛ። የአምበል ነጥብ ደግሞ እጥፍ ነው።

ሰውዬው አሁን ከስምንቱ መሪ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ታብሌቱን ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። የጓደኞቹ ግሩፕም እዚያው አፕ ውስጥ ስላለ የሚባባሉትን ሁሉ አያለሁ። የሊጉ ሊቀመንበር፣ እጁ የተጎዳን ሰው አምበል ማድረግ ከየት የመጣ ጥበብ ነው ብሎ ጠየቀ። (ሊቀመንበሩ ማለት የሥራ አለቃውም ነው። ባለፈው ወር ነው ዋና ቴክኒሻን ተብሎ የተሾመው።) ሰውዬው ከስልኩ ሆኖ ምን ብሎ መለሰ? «ልምድ ነው።»

የኔን ተንኮል ልምድ ብሎ ጠራው።

ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ሆኜ ሌላ ደካማ ሰው ስፈልግ አማቴ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ምን እያደረግሽ ነው አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«ልጅዎን መጨረሻ ላስወጣው ነው» አልኩ።

ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አሉ። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ሳምንት።»

«እንግዲያው መነጽሬን አምጪልኝ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ።

እሱ የወጣው በአንዲት ቀልድ ምክንያት ነው። ሰው እንዴት በቀልድ ከቤት ይወጣል? ቀልዷን እዚህ አልጽፋትም። ትንሽ ናት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዛሬ ሰው ሠራሽ ጥርስ በምሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ ጥፋት ሠራሁ። ለአንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ የላይኛውን ጥርስ ሰሙ ላይ ስደረድር ሐሳቤ ውድድሩ ዳገት ላይ ነበር። ከተሳሳተ ሳጥን ወስጄ፣ ለትልቅ ፊት የሚሆነውን የፊት ጥርስ ተከልኩለት። የሰውየው ፊት ደግሞ ጭብጥ የምታህል ናት። ያወቅሁት ዶክተሩ አፉ ውስጥ ካስገባለት በኋላ ነው። እንግዲህ ጉዴ ፈላ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

አስተማሪው መስታወቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ራሱን አየ። ከዚያ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ የሚሰማኝ አልነበረም። አሁን ይሰሙኛል» አለ። የዶክተሩን እጅ ጨበጠ፣ የኔን ጨበጠ፣ ጄሶ የሚለውሰውን የባልደረባዬን እጅ ሳይቀር ከነጄሶው ጨበጠ። ዶክተሩ ኋላ ጠርቶ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደፋር ሥራ ሠርተሽ አታውቂም አለኝ።

ዘንድሮ ምን ባበላሽ ይበላሽልኛል?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

በአጭሩ። ሁለት የታችኛ ጥርስ ለነገ ማድረስ አለብኝ።

አርባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ከዚህ ውድድር በኋላ በቃኝ ያለ ሽማግሌ ብስክሌተኛ አምበል አደረግን። የዛሬው መንገድ በትውልድ መንደሩ ያልፋል። ሌሎቹ ቀድሞ ሄዶ ቤተሰቡን ይሳም ብለው ፈቀዱለት። ሄደ፤ ሳመ። በዚህ መሃል ከኋላው፣ ባቡር ማቋረጫው ላይ መንገዱን የሚዘጋው ብረት ወረደ። የጭነት ባቡር። አማቴ ስልሳ አራት ፉርጎ ቆጠሩ። ሽማግሌው ወደኋላ ቢያይ ሰው የለም፤ ልጁን አስቀመጠና መንገዱን ቀጠለ።

ዳኞቹ አርባ ደቂቃ ተከራክረው፣ ባቡር የተፈጥሮ አደጋ ነው ብለው ድሉን አጸደቁለት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

የተራራው ቀን። ዛሬ ሰውዬውን አፈር እናበላዋለን ብለን ከጠዋቱ ተዘጋጀን። አማቴ የሁሉንም ፎቶ አንድ በአንድ አዩና አንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። 137 ቁጥር። በአጠቃላይ ውጤት 161ኛ። አፉን ከፍቶ ነው የሚጋልበው።

«የሟች ባሌን ወንድም ይመስላል» አሉ። «ያ ሰው የጀመረውን ነገር ጨርሶ አያውቅም። ይሄን አምበል አድርጊው።»

አደረግሁት። ውድድሩ ከመነሳቱ 137 ፈትለክ ብሎ ወጣ። ማንም አልተከተለውም፤ ለማን ብለው? ታላላቆቹ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ቀሩ። ከዚያ ተራራው ላይ ጭጋግ ወረደና ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆነ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነጭ ነገር ስናይ ቆየን። አማቴ፣ «ይሄኔ አንዱ ገደል ገብቷል፣ ዘመዴን አውቀዋለሁ» አሉ። ጭጋጉ ሲገለጥ 137 አፉን እንደከፈተ በአሥራ አራት ደቂቃ ይመራል።

መጨረሻው ዳገት ላይ ሊቆም ደርሶ ነበር። ብስክሌቱ ከግራ ቀኝ ይወላገዳል። አማቴ ተነሥተው፣ «በርታ፣ አንተ ልጅ፣ ትንሽ ናት የቀረችህ» ማለት ጀመሩ። ማንን እንደምንደግፍ አስታወስኳቸው። አልሰሙኝም። ገባ። አሸነፈ።

እኔም ቆሜ ነበር። እግሬ ደንዝዞ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬ ብስክሌተኞቹ ዕረፍት ናቸው። ከሥራ ስመለስ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ። ታብሌቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ የሱ ወገን ባዶ ነው። ዘጋሁ።

አማቴ በረንዳው ላይ በስልክ ያወራሉ። «በልታለች... አይ፣ ትንሽ ነው የምትበላው... እንቅልፏን እንጃ፣ መብራቱ ግን እስከ ሌሊት ይበራል።» ማን ነው ብዬ ስጠይቃቸው እህቴ ናት አሉኝ። እህታቸው ለኔ ይህን ያህል እንደምታስብ አላውቅም ነበር።

ስለ ቀልዷ። እሱም ስቋል፣ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። እንዲያውም ከሁሉም ረዝሞ የሳቀው እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ግሩፑ ውስጥ አሁን «ፕሮፌሰሩ» ነው የሚሉት። ሊቀመንበሩ ብቻ አይልም። ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ነው።

ስልት ቀየርን። ደካማ ስንመርጥ ደካማው ካሸነፈ፣ ጎበዝ እንምረጥ አልን። የውድድሩን መሪ አምበል አደረግነው። ጎበዙ አሸነፈ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

አንድ ነገር ገርሞኛል። ትናንት ከቡድናችን (ከሱ ቡድን ማለቴ ነው) አንዱ ሆዱን ታሞ ውድድሩን አቋረጠ። እኔ ይህን ሳላይ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍት በታማሚው ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል። ያውም ደህና ሰው፤ ዳገት የሚችል። እኔ የመረጥኳቸው ሌሎቹ አንዳቸውም አልተነኩም። አፑ ራሱ ያስተካክል ይሆናል።

ደግሞስ ያን ሁሉ የሊፍት ሽቦ በቃሉ የሚያውቅ ሰው የይለፍ ቃሉን መቀየር እንዴት ያቅተዋል? ስንፍና ነው። ድሮም እንዲህ ነው።

አማቴ ሻይ አምጥተውልኝ የታብሌቱን መስታወት በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ሁለተኛው የዕረፍት ቀን። የጂኦግራፊ አስተማሪው ተመልሶ መጣ። ጥርሱን ወድዶታል፤ ችግሩ «ሰ» በሚል ቁጥር ያፏጫል። ሰሜን ሲል የጎረቤት ውሻ አጥር ዘሎ ይመጣል። አንድ ቀን ስለ ሰንሰለታማ ተራሮች ሲያወራ ሦስት ውሻ መጣ። ጥርሱን ከውስጥ በኩል ሞረድኩለት፤ ፉጨቱ ጠፋ። ሲሄድ ግን ፊቱ ዳመነ። «ቢያንስ እነሱ ይመጡ ነበር» አለ።

አልስቅም ብዬ ነበር። ሳቅሁ። ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ጄሶ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል።

እሺ፣ ልጻፈው።

የሊቀመንበሩ የሹመት ግብዣ ነበር። ሹመቱን ስድስት ዓመት የጠበቀው የኔ ሰውዬ ነው። ሁሉም ይጠብቅለት ነበር፤ እኔ ለላብራቶሪ ሰዎች አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ሰጡት ለሌላ። እሱ ግን ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ሄደ፣ ሰውየውን አቅፎ እንኳን ደስ ያለህ አለ። ጠረጴዛው ላይ ስምንቱም ከነሚስቶቻቸው ነበሩ። አንዷ፣ ያንቺስ ባል መቼ ነው የሚሾመው ብላ ጠየቀችኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የኔ ባል ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሮ እሱ ራሱ ምድር ቤት ቀረ» አልኩ።

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ሸሚዙ ላይ ጠብ ያለች ነገር ያለች ይመስል በጣቱ ደረቱን ይጠርግ ነበር። ምንም አልነበረም ሸሚዙ ላይ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለአሥራ ሁለት ቀን ምንም አላለኝም። በአሥራ ሦስተኛው ወጣ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ረፍዶብኝ ስለነበር አውቶቡስ ላይ ሆኜ ቀየርኩት፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ። ሁለት ሰው አስገባሁ። አንዱ አሸነፈ። ምንም አልተሰማኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ዛሬ አልነካሁትም። በቃኝ። ሰው ምን ያህል ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ትክክለኛ ቦታ ይደርሳል?

ባልነካሁት ቀን የአማቴ ስልክ አራት ጊዜ ጮኸ። በአራተኛው በሩን ዘግተው ነው ያወሩት። ሲወጡ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን በእጃቸው ለኩ። ደህና ነኝ አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገ ንኪው» አሉ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ነካሁት። አንድ ሰው ብቻ።

እሑድ፣ ግንቦት 24

አለቀ። ሰውዬው በ212 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም ብሎ ጸሐፊው ጽፏል። ሊቀመንበሩ ሁለተኛ።

ባሌን መጨረሻ ለማስወጣት ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ደክሜ አንደኛ አወጣሁት። የላብራቶሪው ጄሶ ለዋሽ ይህን ብነግረው በሳቅ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይሠራም።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ግሩፑ ላይ፣ ከሊቀመንበሩ፦ «በሕጋችን አንቀጽ ስድስት መሠረት ማንኛውም ቡድን በባለቤቱ ብቻ ይመረጣል። አሸናፊው ረቡዕ ከሥራ በኋላ ወርክሾፕ ቀርቦ ማብራሪያ ይስጥ።»

ሰውዬው «እመጣለሁ» አለ። ሌላ ምንም።

ሄጄ እውነቱን ብናገር ይሠረዛል፤ ዝም ብል ሌባ ይባላል። ደግሞ የሚጠይቁት እነዚያው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት።

አማቴ የቆዳ ጫማቸውን አውጥተው ቀለም ይቀቡታል። የት ሊሄዱ ነው ስላቸው፣ «137ን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ተጠያቂ ነኝ» አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ከእኩለ ሌሊት አልፏል፤ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ወርክሾፑ ሰፊ ነው። ግድግዳው ሥር የተፈቱ የሊፍት በሮች ተደግፈዋል፣ መሃል ላይ አንድ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሰዎቹ የብረት ገመድ ጥቅልሎች ላይ ተቀምጠዋል። ከነአማቴ ስገባ ሁሉም ተነሡ። ወንበር አንድ ብቻ ነው ያለው፣ የሊቀመንበሩ። ለአማቴ ለቀቀላቸው። ስለዚህ ስብሰባውን ቆሞ መራ።

ሰውዬው ጥግ ላይ ነበር። ከስቷል። ወይም ሸሚዙ ሰፍቷል። አየኝ፤ ከዚያ እጁን አየ።

ሊቀመንበሩ ደብተር አውጥቶ ጠየቀ። በዘጠነኛው ቀን 161ኛ የነበረን ሰው አምበል ያደረግከው በምን መነሻ ነው? ሰውዬው ትንሽ አሰበና፣ ተሰምቶኝ ነው አለ። ምን ተሰማህ? «ነፋሱ» አለ። አንዱ ሳለ። ሊቀመንበሩ ገጹን ገለጠ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቡድኑ የተቀየረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውዬው፣ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው የአሥራ ሁለት ፎቁ ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። እዚያ ኔትወርክ የለም። ይህን ምን ትላለህ?

ሰውዬው ሚስቴ ናት ማለት ይችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። አላለም። ሌባ ሊባል ተዘጋጅቶ እጁን እያየ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ታብሌቱ ቤት ቀርቶ ነው። መጨረሻ ላስወጣው ብዬ ሆን ብዬ ደካማ ደካማውን መረጥኩ። እሱ የለበትም።»

«137 ግን የኔ ነው» አሉ አማቴ። ሊቀመንበሩ መዘገበ።

አመሰገነኝና ወደ ውሳኔ ልንሄድ ነው አለ። መቀመጥ ይቻል ነበር። መቀመጥም በጣም አምሮኝ ነበር።

«አልጨረስኩም» አልኩ። «ያን ቀን ግብዣው ላይ ያልኩትን ታስታውሳላችሁ፤ ስቃችኋል። ቀልድ አልነበረም። ሹመቱን ሲያጣ ያፈርኩት እኔ ነኝ። እሱ አላፈረም፤ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቶ እንኳን ደስ ያለህ አለ። እኔ ያን ማድረግ ስላልቻልኩ እፍረቴን አንሥቼ እሱ ላይ ጣልኩት። በናንተ ፊት ነው ያልኩት፣ በናንተ ፊት መልሼ እወስደዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰው በሱ ሊፍት አልወደቀም። ይህን እኔ ከማንኛችሁም በፊት ማወቅ ነበረብኝ።»

ከጠጋኞቹ በዕድሜ የሚበልጠው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀልቶ ደብተሩ ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልጋል። ግብዣው የሱ ነበር፤ መጀመሪያ የሳቀውም እሱ ነው።

ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ቡድኑ ይሠረዛል፤ ነጥቡ ዜሮ ይሆናል፤ ሰውዬው ስምንተኛ ነው። ከስምንት። 137ን በተመለከተ ግን ሊጉ ለእናታችን ልዩ አድናቆቱን ይገልጻል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ዋንጫው፣ ከአሮጌ ሊፍት የተነቀለ የጥሪ ቁልፍ እንጨት ላይ ተለጥፎ፣ ለሊቀመንበሩ ተሰጠ። አማቴ ወንበሩን ሲመልሱለት፣ «ሹመቱም ላንተ፣ ዋንጫውም ላንተ፤ እንግዲህ ጤናውን ይስጥህ» አሉት። እሱም አመሰገነ።

መጨረሻ አስወጣሁት። በመጨረሻ ተሳካልኝ። እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

ሰውዬው አውቶቡሱ ድረስ ሸኘን። አማቴ ጫማዬ ጠበበኝ ብለው ከኋላ ቀሩ፤ ጫማውን ግን ካደረጉት አሥር ዓመታቸው ነው። እኛ ቀድመን ሄድን። ከዚያ፣ «በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅሁት» አለ።

«ታዲያ ለምን የይለፍ ቃሉን አልቀየርከውም?»

ትንሽ ተራመደ። «ጠዋት ስከፍት ነክተሽው ሳገኝ፣ ዛሬም ተናዳብኛለች እላለሁ። ሰው የተወውን ሰው አይናደድበትም።» ቀጠለና፣ «አንድ ቀን ሳትነኪው ቀረሽ» አለ።

«አዎ።»

«ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።»

አውቶቡሱ መጣ። እናቱን ደግፎ አሳፈረ። እኔንም በክርኔ ደግፎ አሳፈረኝ፤ እኔ ደግሞ መውጣት የማልችል አይደለሁም። ና አላልኩትም። ለምን አላልኩም? አፌ ለክፉው ጊዜ ማንም አይቀድመው፣ ለደጉ ይቆለፋል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አልመጣም። እህቱ ቤት የውኃ ቱቦ ፈንድቶ እየጠገነ ነው አሉ አማቴ። እንዴት እንዳወቁ እንግዲህ አልጠይቅም።

ስልክ አነሣሁ። ምን እንደምል ሳላውቅ ደወልኩ። ሲያነሳው፣ «ቅዳሜ የአንድ ቀን ውድድር አለ፤ እናትህ ያዩታል» አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው ብዬ ጨመርኩ። እሺ አለ። ዘጋሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ስምንት ሰዓት አልመጣም። ስምንት ተኩልም። አማቴና እኔ ሶፋው ላይ ነን፤ ውድድሩ ተጋግሏል። ዘጠኝ ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ እያለው አንኳኳ። የከፈቱለት አማቴ ናቸው። የእህቱን ትልቅ ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ ደረጃውን ይዞት ወጥቶ ያለከልካል።

አማቴ ሻንጣውን አዩ፣ እሱን አዩ። «ጫማህን አውልቅና ቁጭ በል» አሉት። «ዳገቱን ጀምረዋል።»

እኔ ቀና ብዬ አላየሁም። አየሁ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ እንጂ። መሃላችን ተቀመጠ። ሻንጣውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሞልቶ ሳለ በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ በሁለት እጁ ያዘው፣ የሚሳፈርበት መኪና ገና እንዳልመጣለት ሰው። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ቆየን። አማቴ አንድ ጊዜ፣ «ምን ይጠብቃል ይሄ፣ አይሄድም እንዴ» አሉ። ብስክሌተኛውን ይሁን ልጃቸውን አላወቅሁም፤ እሱም አላወቀም መሰለኝ፣ እጀታውን ጠበቅ አደረገው።

ማን እንዳሸነፈ አላየሁም። ሲያልቅ ተነሣሁና እጄን ዘረጋሁ። ለቀቀልኝ። ሻንጣውን ወደ መኝታ ቤት ልወስደው አነሣሁት። በአንድ እጅ አልነሣልኝ አለ፤ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ነው ያስገባሁት። ሁሉንም ይዞ ነው የመጣው።